ስለ ሕፃናት እግር መቃናትና ስለ ተማሪዎች የገጠር ልምምድ

ሐኪም የሰውን አካል ሲመረምር አጥንቱንና ጅማቱን ያያል፤ ያ ሰው ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የሚያፍርበትና የሚፈራው ነገር ግን በመመርመሪያው አልጋ ላይ አይታይም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚዮቴራፒ ትምህርትና የሥነ ልቡና ትምህርት በየክፍላቸው ተለይተው ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቹ ለልምምድ ወደ ገጠር በወጡ ጊዜ ግን ሁለቱ ትምህርቶች በአንዲት ጎጆ ውስጥ ይገናኛሉ። ይህንንም እግሩ ቆልማማ ሆኖ የሚወለደው ሕፃን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያስረዳል።

ከሚወለዱት ሺህ ሕፃናት መካከል በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ እግር ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጠምዝዞ ይገኛል። ቀድሞ መድኃኒቱ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነበረ። በስፔን አገር ተወልዶ በአሜሪካ በአዮዋ ይሠራ የነበረው ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ግን በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሌላ መንገድ አገኘ። ይኸውም የሕፃኑን እግር በየሳምንቱ በእጅ በቀስታ እያቃኑ በጀሶ ማሰር ነው። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከታሰረ በኋላ የተረከዙን ጅማት በጥቂቱ በመቁረጥ አብዛኛው እግር ይቃናል። ይህ ዘዴ ዛሬ በኢትዮጵያም በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

ነገር ግን ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ጀሶው ከተፈታ በኋላ ነው። ሕፃኑ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ይደረጉለታል፤ እነዚህንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንና ሌሊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ እየወለቁለት፥ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ድረስ በእንቅልፉ ሰዓት ማድረግ አለበት። ጫማው ከተተወ የቀናው እግር ተመልሶ ይጠመዘዛል፤ የሳምንታቱም ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ ሆስፒታሉ የሚሠራው የሁለት ወር ያህል ሥራ ሲሆን፥ እናቲቱ የምትሠራው የአራት ዓመት ሥራ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በገሳይ ወይም በጉና ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች የምትኖርን እናት እናስብ። ሕፃኑ ሌሊት ያለቅሳል፤ እግሩም ለዓይን የቀና ስለሚመስል ጫማው ለምን እንዳስፈለገ አይገባትም። ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትወጣ ባዘለችው ጊዜ ዘንጉ ለአንቀልባው አይመችም። ጎረቤትም ዘንጉን አይቶ ይጠይቃል፤ እርስዋም ከመመለስ ይልቅ ማውለቅን ትመርጣለች። ሁለት እግሮችን በማዕዘን መለኪያ ለክቶ የሚመለስ ተማሪ በመዝገቡ ላይ «እናቲቱ ግዴለሽ ናት» ብሎ ይጽፋል፤ ይህንንም መጻፍ እጅግ ቀላል ነው። የሥነ ልቡና ተማሪ አብሮት ቢገባ ግን አስቀድሞ ማድመጥን፥ ሳይገሥጹ መጠየቅን፥ ባልንና አማትን ከምክሩ ማግባትን ስለ ተማረ፥ የጫማውን መውለቅ ምክንያት ያገኘዋል። የፊዚዮቴራፒው ተማሪም በፋንታው ሕፃኑ ከነዘንጉ እንዴት እንደሚታዘል እዚያው ያሳያታል።

ተማሪዎችን በኅብረት ወደ ገጠር መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ ጤና መኮንኑንና ነርሱን የአካባቢ ጤና ጠባቂውንም አንድ ላይ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያስተምር ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ በማስተማርም በአገራችን ቀዳሚ ነው። በደብረ ታቦርም በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሥነ ልቡና ተማሪ ከእነዚህ የጤና ጓዶች ጋር አብሮ እንዲወጣ ማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ የትምህርት ክፍሎቹ ሹማምንት በልምምዱ ጊዜ መስማማታቸው ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕፃኑን በጊዜው ማግኘት ነው። ሕክምናው ለታላላቅ ልጆችም ቢሆን የሚረዳ ሲሆን፥ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር እግሩ ለስላሳ ስለሆነ ፈጥኖ ይቃናል። በእነዚያ ሳምንታት ግን አራሷ ከቤት አትወጣም፤ የሕፃኑን እግር እንደ ቁጣ ምልክት የሚቆጥር ቤተ ሰብም ይሸሽገዋል። ስለ ዕውሩ ሰው በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 የተጻፈውን የሚያስተምሩ ካህናት ይህን አሳብ ከማንም ይልቅ ሊያርሙት ይችላሉ። ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑም በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተናገሩ ጊዜ አስረድተዋል።

በደጋው አገር የክርስቲያን ሕፃን ሁሉ ራቁቱን በካህን ፊት የሚቀርብበት አንድ ቀን አለ፤ እርሱም የክርስትናው ቀን ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ እግሩን ያየ ቄስ፥ ወላጆቹን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሂዱ ቢላቸው ሕፃኑ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም። ሴቲቱ ግን የምትጠመቀው በ80 ቀኗ ነውና ለእርስዋ ይህ ይዘገያል፤ ስለዚህ የነፍስ አባት የአራስ ቤቱን ጠበል ሊረጭ በገባ ጊዜ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለጉብኝት በመጣች ጊዜ፥ የሕፃኗ እግር ከጨርቁ ተገልጦ እንዲታይ መጠየቅ ይገባቸዋል።