ላልተነበበ መጽሐፍ ቀን ስለ መቁረጥ

በሰሜን ወሎ በፍላቂት ከተማ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂነት ሳገለግል፣ ከመምህራንና ከመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ አዘውትሮ የሚቀርብልኝ ጥያቄ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል የሚል ሳይሆን፣ ለክረምት ኮርስ ወደ ባሕር ዳር ወይም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዟቸው፣ ነገር ግን ሳይገለጡ በቤት የተከማቹት መጻሕፍት ምን ይሁኑ የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ነገሩ የሚያሳፍር ስለሚመስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩታል፤ እኔ ግን መጽሐፍን ወድዶ መግዛት ለዕውቀት ያለ ፍቅር ምልክት ነውና፣ ሐፍረቱን ትተን ሥርዓቱን እንፈልግ እላቸዋለሁ።

ሥርዓቱን ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጎረቤታችን ዋድላ በቅኔ ስሟ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር አብሮ የሚጠራ፣ በስተ ምዕራብ የምትዋሰነን ጋይንትም በቤተ ልሔም የድጓ ምስክርነት የታወቀች ናት። በእነዚህ ጉባኤያት አንድ የብራና መጽሐፍ ብዙ የፍየል ቆዳና የጸሐፊውን የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ተማሪው የየግሉ መጽሐፍ አልነበረውም፤ በመጽሐፍ ቤት አንዱ ደቀ መዝሙር ንባቡን ሲያሰማ፣ የኔታ ትርጓሜውን ሲያወርዱ፣ የቀረው ጉባኤ በጆሮው ሰምቶ በልቡናው ይጽፍ ነበር። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው ይበቃ ነበር እንጂ ተዘግቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረውም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ አንድ ሰው ብዙ መጻሕፍት ሲኖሩት የሚያዳምጠውና የሚጠይቀው ጉባኤ ግን የለውም፤ ንባቡ ተጀምሮ የሚቋረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከትጋት ማነስ ይልቅ፣ ከምን ደረስህ ብሎ የሚጠይቅ ባልንጀራ በመታጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዳዊት የሚገኝ ነው። 150ው መዝሙር ያለ ድልድል በአንድ ጊዜ ይደገም ቢባል ብዙውን ምእመን ባስፈራው ነበር፤ አባቶቻችን ግን ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ብለው ለየዕለቱ ስለ ደለደሉት፣ እሑድንም ለጸሎተ ነቢያትና ለመኃልየ መኃልይ ስለ ሰጡት፣ ዳዊት የደገመ ገበሬ ሳይቀር ከእርሻው ሳይጎድል በየሳምንቱ መጽሐፉን ይፈጽማል። በዚህ ስሌት በቀን 10 ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት 550 ገጽ ይፈጽማል፤ ይህም ብዙዎቻችን ውፍረቱን አይተን ለጡረታ ዘመን የምናቆየው መጽሐፍ መጠን ነው። መጽሐፉን የሚያስፈራው ዕለት ያልተቆረጠለት መሆኑ ነው፤ ዕለት ከተቆረጠለት ዘንድ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ፍጻሜው የታወቀ ይሆናል።

በሙያችን ደግሞ በመጽሐፉ ጀርባ የሚኖረው የውሰት ካርድ ብዙ ይነግረናል፤ ማኅተምና ቀን የተደጋገመበት መጽሐፍ አንባቢውን እንዳገኘ፣ ካርዱ ባዶ የቀረው ደግሞ ገና እንዳላገኘ እናይበታለን። ይህን ልማድ ወደ ቤት ማስገባት ቀላል ነው፤ መጽሐፉ በተገዛ ዕለት በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ቀኑና የተገዛበት ምክንያት በእርሳስ ይጻፍ። ከዓመት በኋላ ያ ምክንያት ሲነበብ፣ ባለቤቱ መጽሐፉን አሁንም ይሻው እንደ ሆነ ወይም ምኞቱ ያለፈ እንደ ሆነ ራሱ ይፈርዳል። በዚህ ፍርድ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስን የመሰለ መጽሐፍ፣ ቃል በጠፋ ጊዜ የሚጠየቅ እንጂ ከዳር እስከ ዳር ይነበብ ዘንድ የግድ አይደለምና፣ ከዕዳ መዝገብ ይውጣ። ከቀሩትም ሦስት ወይም አራቱ ብቻ በቅርብ ለሚነበቡ ተለይተው ዐይን በሚያያቸው ስፍራ ይቀመጡ።

የተረፉት ባለቤት ይፈለግላቸው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕግጋት ውስጥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው ሊፈለግለት እንደሚገባ ደንግጓል፤ እኛ ባለንበት ደጋ ግን ይህ ሕግ የሙያ ደንብ ብቻ ሳይሆን ታሪካችንም ያስተማረን ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ መድፋቸውን እያስጎተቱ በዚህ በእኛ አካባቢ፣ በጨጨሆና በዋድላ በኩል አልፈዋል፤ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቧቸውና በመቅደላ ያከማቿቸው የጎንደር ብራናዎችም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቀው 350 ያህሉ ወደ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በአንድ አምባ የተሰበሰበው በአንድ ቀን ጠፋ። በእኛ ዘመንም፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ብዙ ንብረትና ብዙ መጻሕፍት አጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ መምህር ቤት ተዘግቶ የሚኖር መጽሐፍ፣ በክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ሳይኖረው ከሚማር ልጅ የተነፈገ ድርሻ ሆኖ ይታየኛል።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ይህ ነው። ከሚወዷቸው መጻሕፍት አንዱን መርጠው በየዕለቱ የሚያነቡትን ገጽ ይወስኑለት፤ ያንኑ መጽሐፍ የሚያነቡ ሁለት ወይም ሦስት ባልንጀሮች ፈልገው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ወይም ከገበያ በኋላ፣ ስለ ደረሱበት ምዕራፍ ይነጋገሩ፤ ምኞታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት ደግሞ ስማቸውን ጽፈውባቸው ለትምህርት ቤት ያስረክቡ። ይህን የሚያደርግ ሰው መጽሐፍ መግዛቱን መተው አያስፈልገውም፤ የሚገዛው ሁሉ ወይ በእርሱ ወይ በሌላው ዘንድ እንደሚነበብ ያውቃልና፣ ወደፊትም ያለ ስስት ይግዛ።