የጭቃ ግድግዳና የክረምት ውሃ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ቤታችሁን ከውጭ ዙሩና ተመልከቱት። ምርጊቱ አስቀድሞ የረገፈው የት ላይ ነው? ብዙውን ጊዜ ከላይ አይደለም፤ ከታች ነው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ግድግዳ ተፈርፍሮ ማገሩ ይታያል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ደህና ነው።

ምክንያቱ ጠፈጠፍ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬቱን ሲመታ ይፈናጠራል፤ ግድግዳውንም ይረጨዋል። የሣር ክዳን ውሃውን በዝግታ ያንጠባጥበዋል። ቆርቆሮ ግን በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲል ክፈፉን ያሳጥራል። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ይተርፈዋል፤ ግድግዳውን ያጣል።

ሌላም የማይታይ መንገድ አለ። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ ይስባል አይደል? የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ ከእርጥብ መሬት ውሃ ይስባል። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህ በየዓመቱ ሲመላለስ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ጭዱ አያይዞ ባይዘው ኖሮ ቶሎ በፈረሰ ነበር። የቋሚው እግርም መሬት ውስጥ ርሶ ይበሰብሳል። ቤቱ ሲያዘም ሰው ምስጥን ይረግማል። እውነት ነው፣ ምስጥ እንጨት ይበላል። ነገር ግን ምስጥ የሚመቸው እርጥበት ያለበት ቦታ ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት በዶርዜ ደጋ፣ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ተጠልፎ ነው። ክዳኑ እስከ መሬት ስለሚወርድ ግድግዳውን ዝናብ አያገኘውም። እግሩን ግን እርጥበትና ምስጥ ይበሉታል፤ ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ለዚህ ሲሉ መጀመሪያውኑ በጣም ረጅም አድርገው ይሠሩታል። ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል! የጭቃ ቤት ግን አይነሣም፤ እዚያው እንዳለ መጠበቅ አለበት።

ገንዘብ ያገኘ ሰው የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስናል። ያማረ ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ጭቃው ሲያብጥና ሲሰበሰብ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ከውጭ አምሮ የሚታየው ግድግዳ በውስጡ እንጨቱ ይበሰብሳል።

በዚያ ገንዘብ ድንጋይ ማስመጣት ይሻላል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከመሬት በላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ መሠረት ቢክብ፣ የጭቃው ግድግዳ ከጠፈጠፍም ከእርጥብ መሬትም ይርቃል። ክፈፉም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል። ቤቱ አስቀድሞ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በዙሪያው ቦይ መቆፈርና ውሃውን ወደ ተዳፋቱ መምራት ነው። ይህ ከዶማና ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣም።

የረገፈው ምርጊት የሚታደሰው በጥቅምት፣ ዝናቡ ካቆመና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ይረገጥ፤ ጥቂት ቀንም ይክረም። በጥቅምት የተመረገ ጭቃ ሰኔ ሳይደርስ በሚገባ ይደርቃል።