በልጆች ፊት የሚከፈት ደብተር

በ1978 ዓ.ም.፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በቤታችን አንድ ነገር እንደ ደረሰ የገባኝ ከእናቴ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻዋ፣ ከመደርደሪያውም ላይ የአባቴ ራዲዮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጠፉ ነው። ምን እንደ ሆነ የነገረን አልነበረም፤ ብንጠይቅም «ይህ የልጅ ነገር አይደለም» ተብለን ወደ ደጅ እንሰደድ ስለ ነበር፣ እኔና እኅቶቼ የልጅነት ልቡናችን እንደ መራን አባታችን መጠጥ ጀምሮ ይሆናል ብለን ፈረድንበት፤ ይህንንም ክፉ ፍርድ ሃያ ዓመት ያህል በልባችን ተሸክመን ኖርን። እውነቱ ግን አባቴ ለአንድ ዘመዱ በዕቁብ ዋስ ሆኖ፣ ዘመዱም ዕጣው በወጣለት በማግሥቱ አገር ለቆ በመሄዱ፣ የቀረውን መዋጮ እስከ ዙሩ ፍጻሜ ድረስ ከደመወዙ እየቀነሰ ይከፍል ኖሯል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የማነሣው አባቴን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለተቸገረ ዘመድ ዋስ መሆን ከምግባረ ሠናይ የሚቈጠር ነውና። የሚያሳዝነኝ ዝምታው ነው። በብዙዎቻችን ቤት የገንዘብ ነገር ከገመና ተቈጥሮ ከልጆች ጆሮ ይሰወራል፤ ልጁ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን ዋጋ፣ የአባቱን ዕዳ ሳያውቅ ያድግና፣ በሃያ ሁለት ወይም በሃያ ሦስት ዓመቱ የመጀመሪያ ደመወዙን በእጁ ሲይዝ ድንገት ብልህ መጋቢ እንዲሆን ይጠበቅበታል። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር ዕለት የምንሰማው የመክሊቱ ምሳሌ ሁልጊዜ የሚነገረን ስለ ትጋትና ስለ ስንፍና ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነገር አብልጬ አስባለሁ፤ ይኸውም ጌታው ከአገልጋዮቹ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ቈጥሮ መስጠቱና እያንዳንዱም አገልጋይ በእጁ ያለውን ልክ ማወቁ ነው። ስንት እንደ ተሰጠው ያልተነገረውን ሰው፣ ሒሳብህን አስረክብ ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል?

እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፣ ሥራ ከያዝሁ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አንዳች ጥሪት ሳላኖር ቀረሁ፤ ወር በገባ በሃያኛው ቀን ከጓደኛ መበደር ልማዴ ነበር።

ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ በዚህ ነገር የተማረች ናት። እርስዋ ባመጣችው አሳብ ቅዳሜ ማታ ከቡና በኋላ የቤቱን ወጪ የምንጽፍበትን ደብተር በሦስቱ ልጆቻችን ፊት እንከፍታለን፤ የገባውንም የወጣውንም ታላቁ ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል። መተሳሰብ የሚለው ቃላችን ሒሳብ መተማመንንም እርስ በርስ መተዛዘንንም በአንድ አፍ መናገሩ፣ አበውም የዘመን ቍጥራቸውን ባሕረ ሐሳብ ብለው መሰየማቸው፣ በዚያ ሰዓት ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የቤተሰባችን ዕቁብ ይጣላል። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 30 ብር የኪስ ገንዘብ ያገኛል፤ ከዚያም 20 ብሩን ይጥላል፤ እኔና እናታቸውም እንደዚያው እንጥላለን፤ ዕጣው በሲኒ ውስጥ ተነቅንቆ ይወጣና ባለ ዕጣው 100 ብር ይወስዳል። መካከለኛዋ ልጅ ጸሐፊ ናት። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን እንዳይነካ ደንብ አወጣን።

በመጀመሪያው ዙር ዕጣው ለስምንት ዓመቷ ታናሽ ወጣ፤ ታላቅ ወንድምዋም በደስታ ዋስ ሆናት። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ልጅቱ የሳምንት ገንዘብዋን አጥፍታ ባዶ እጅዋን መጣች፤ ዕዳውም ወደ ዋሱ ዞረ። ልጁ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «አባዬ፣ እኔ ያልበላሁትን ለምን እከፍላለሁ?» ሲለኝ፣ ሃያዋን ብር ከኪሴ አውጥቼ ነገሩን ለማብረድ እጄን ሰድጄ ነበር፤ እናቱ በዓይንዋ ከለከለችኝ። ስለዚህ ከፈለ። እኅቱም በየሳምንቱ አምስት አምስት ብር እየሰጠች በአራት ሳምንት መለሰችለት። ልጁ በከፈለባት ሌሊት ለሦስቱም የአያታቸውን ታሪክ ነገርኋቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ከባልና ከሚስት አንዱ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን ቢፈልግ የሁለቱ ስምምነት እንደሚያስፈልግ መደንገጉን ጨምሬ ነገርኋቸው፤ የአንዱ ፊርማ የሌላውን ጉትቻ ከጆሮው ሊያወርድ እንደሚችል ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ይህ ድንጋጌ ለእኔ ደረቅ ሕግ አይደለም።

የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ለዚያው ለታላቁ ነው፤ እርሱም «አምስት ሳምንት ጠብቄ ያው 100 ብር ብቻ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የበሰለ ነው። ፊተኛው ዕጣ ያለ ወለድ ብድር፣ ኋለኛው ዕጣ ያለ ወለድ ቁጠባ መሆኑን በወረቀት አሰላሁለት፤ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉን፣ በዚህም ልክ 1,000 ብር በዓመት 70 ብር እንደሚወልድ አሳየሁት። እርሱ ግን የእናቱን አሮጌ ደብተር ገልጦ የአምስት ሊትር ዘይት ዋጋ ከዓመት ዓመት ከሰባ ብር በላይ ጨምሮ ባገኘው ጊዜ፣ ገንዘብን ማስቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ ከእኔ ቃል ይልቅ ከዚያ ገጽ ተረዳ።

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን አባቴና እናቴ እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ቅዳሜ ማታ ደብተሩ ሲከፈት አባቴ በጽሙና ተቀምጦ ይመለከት ነበር፤ ታናሺቱም ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ዋስ የሆኑለት ሰውዬ መለሰልዎት?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ደነገጥሁ። አባቴ ግን ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አልመለሰም፣ ልጄ» አላት፤ ቀጥሎም በሳምንት ሠላሳ ብር ሠላሳ ስድስት ሳምንት እንደ ከፈለ፣ በዚያን ጊዜ የወር ደመወዙ 285 ብር እንደ ነበረ፣ እኛ ልጆቹ ምን እንዳሰብንበት ሳያውቅ እንዳልቀረም ተናገረ። ታላቁ ልጄ በደብተሩ ኅዳግ ላይ አባዝቶ 1,080 ብር ብሎ ጻፈ። እናቴም ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የጉትቻዬንም ዋጋ ጨምርበት» አለችውና፣ ያን ጊዜ የተሸጠበትን ብር ቈጥራ ነገረችው።