ደጃፍ ላይ የሚዘፈን ተግሣጽ

ነሐሴ 16 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ በላስታ ደጃፉ ሁሉ የልጃገረዶች ይሆናል። እስከ ነሐሴ 21 ድረስ «ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ» የሚላቸው የለም። ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን በቡድን ይወጣሉ። አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ ወደ አገር ሽማግሌው፣ ወደ ሹሙ፣ ወደ ነጋዴው፣ ወደ ባለጸጋው ቤት ይዘልቃሉ። አሸንድዬ ይህ ነው። ዋግ ኽምራ ሻደይ ይለዋል፤ ራያ ቆቦ ሶለል፤ ትግራይ አሸንዳ።

በዓሉን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው የውበት በዓል ነው ይላል። ውበቱ አይካድም። የጨዋታው ቁም ነገር ያለው ግን ደጃፍ ላይ ነው። ልጃገረዶቹ ያለውን ሰው በጎረቤቱ ፊት ይመዝኑታል፤ የሚመዝኑትም በሀብቱ ብዛት ሳይሆን በእጁ ነው።

አንዷ ግጥም ታወጣለች፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ግጥም አውጪዋ የሰፈሩን ነገር አሳምራ ታውቃለች። ማን ዘንድሮ ቤቱን ቆርቆሮ እንዳለበሰ፣ ማን ልጁን ደግሶ እንደዳረ፣ ማን ቅዳሜ ገበያ ስንት በግ እንዳወጣ አይጠፋትም። መጀመሪያ ታሞግሳለች። አባወራው ቶሎ ከሰጠ ሙገሳው ወደ ምርቃት ይሸጋገራል፤ ልጁ፣ ሚስቱ፣ ከብቱ ሳይቀር ይመረቃል። ከዘገየ ዜማው ያው ሆኖ ግጥሙ ይዞራል። መጀመሪያ ነካ ነካ ያደርጉታል። ዝም ካለ ደግሞ ቆርቆሮው፣ በጉ፣ ድግሱ አንድ በአንድ እየተነሣ ንፍገቱ ይነገረዋል። ጎረቤት አጥር ተደግፎ ይስቃል። ሰውየው መቆጣት አይችልም፤ ከተቆጣ ለሚቀጥለው ግጥም ራሱ ስንቅ ያቀብላል። የሚያዋጣው አብሮ መሳቅና እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ የሚገዛ አልነበረም። አሸንድዬ የሚባለው ረዥም ለምለም ሣር ከሜዳና ከወንዝ ዳር ይለቀማል። ጫፍ ለጫፍ ተጎንጉኖ በመቀነቱ ላይ በወገብ ዙሪያ ይታሰርና ሲጨፈር ከቀሚሱ ጋር ይወዛወዛል። ሣሩን የምትለቅመው፣ የምትጎነጉነው፣ የምትታጠቀው ልጅቷ ራሷ ናት። ድሃ አደግ የሆነችውም፣ የባለጸጋ ልጅም ያንኑ ሣር ይታጠቃሉ። ሀብትን ልትተች የወጣች ልጅ የበዓል ጌጧን ከሀብታም መደብር አለመግዛቷ ለግጥሟ ጉልበት ይሰጠዋል።

ለጨዋታ የተሰጠ ፈቃድ

አሸንድዬ ብቻውን አይደለም። ከእሱ በፊት ነሐሴ 13 በቡሄ ወንዶች ልጆች ራሳቸው የገመዱትን ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየደጁም ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል የሰጠውን ያመሰግናሉ፣ የነፈገውን ይሸነቁጣሉ። የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው። ከዛፍ ላይ ተቆርጦ በተስተካከለ ቆልማማ ዱላ ሩር ሲመታ ሎሌና ጌታ እኩል ይሆናሉ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። የአገራችን ሰው ገዢን ፊት ለፊት ለመናገር በማይደፍርበት ዘመን እንኳ ለተግሣጽ የሚሆን ቀንና ዜማ መድቦ ነበር።

በዚህ ረገድ ከሁሉም የሚገርሙኝ በቅዱሱ ንጉሥ ስም የሚጠሩት ላሊበላዎች ናቸው። ሐሚናም ይባላሉ። ጎህ ሳይቀድ ተከናንበው ይመጣሉ፤ የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ጠይቀው ዜማው ውስጥ ያስገቡታል፤ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ይህን ካቋረጥን የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአያት ቅድመ አያት ወርዶላቸዋል። የሰጠ ይመረቃል፤ የከለከለ የሚሰማውን ይሰማል። ጃፓናዊው የሥዕላዊ አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ውስጥ ሕይወታቸውን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ፊልም ሠርቶላቸዋል። የእነዚህ ሰዎች ድርጊት በልመና ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። በሩን ዘግቶ የተኛን ሰው ገና ሳይነጋ በስሙ ጠርቶ «አለህ፤ ታዲያ ለማን ነው ያለህ?» ማለት ትልቅ ጥያቄ ነው።

በዓሉ መድረክ ላይ ሲወጣ

ባለፉት ዓመታት በዓሉ ከደጃፍ ወደ መድረክ ወጥቷል። በላሊበላ፣ በሰቆጣ፣ በቆቦ፣ አልፎም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በአደባባይና በአዳራሽ ይከበራል። ይህ በክፋት የመጣ አይደለም። የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች በዓሉ እንዳይረሳ ደክመዋል፤ በዩኔስኮ እንዲመዘገብም ሲወተወት ቆይቷል። ከመድረኩ ጋር ግን ባነሩ፣ ከባነሩ ጋር ስፖንሰሩ፣ ከስፖንሰሩ ጋር የታተመው ካናቴራ መጣ። በፈትልና በሸማኔ እጅ ይሠራ የነበረውን ቀሚስ ከውጭ የሚገባ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ጨርቅ እየገፋው ነው። ለዘንድሮው በዓል የዘንድሮ ፋሽን መግዛት ያልቻለች ልጅ በገዛ በዓሏ የምትሸማቀቅበት ጊዜ መጥቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የግጥሙ ዕጣ ነው። መድረክ ላይ የወጣችው ልጃገረድ ፊት ለፊቷ የምታየው ስሙ በባነር ላይ የተጻፈውን ድርጅት እንግዶች ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል። ስለዚህ ግጥሙ የሚዞርበት ምክንያት የለም፤ ሙገሳ ብቻ ይቀራል። አስቀድሞ የተከፈለበት ሙገሳ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። ልጅቷ መዛኝ መሆኗ ቀርቶ ጌጥ ትሆናለች።

ለዚህ መልስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ «አገሩ ገንዘብ ያስፈልገዋል» ይላሉ፤ መልሳቸውም ክብደት አለው። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዷ ናት፤ ኑሮዋም በእንግዳ ላይ ቆመ። ኮሮና መጥቶ እንግዳውን አስቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ በዚያ ዓመት የአሸንድዬ ሰሞን ያለፈው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነበር። ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ መስቀል ጠራቢው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ገቢያቸው ተቋርጦ ከርመዋል። በዓሉ ገንዘብ አያምጣ የሚል ሰው የላስታን ችግር አያውቀውም። እኔም እንዲያ አልልም። ጥያቄዬ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል፣ በምላሹስ ማን ዝም እንዲል ይጠየቃል የሚል ነው።

ቀልዱ ማን ላይ ያርፋል?

ብልጭልጭን መቃወም ሁሉ ደግ አይደለም። የራሳችን ታሪክ ሁለት ምስክር አለው።

የመጀመሪያው በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የሆነው ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎቹ ተቃወሙ። ሕዝቡ በችግር ላይ ሳለ የምዕራባውያንን አጭር ቀሚስ ማሳየት ስድብ ነው አሉ። ክርክራቸው መሠረት ነበረው። ያን ዕለት የተደረገው ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ ወደ አዳራሹ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ ተዋረዱ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ቁጣው ልብሱን ከሚያስመጣውና ከሚያተርፍበት ይልቅ የለበሰችው እህት ላይ አረፈ። አሸንድዬ ከዚህ የሚለየው በዚህ ነው። በላስታ አምራ የወጣችው ልጃገረድ ተግሣጹን የምትሰጠው እንጂ የምትቀበለው አይደለችም።

ሁለተኛው የወሎ የራሱ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ እንደገና ቆረጠው፤ በረሃብ በሚረግፈው ሰው መሀል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ ኬኩንና ሻምፓኙን አስገባበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ሁለት ምስል ጎን ለጎን አስቀምጦ የባለጸጋን ድግስ ማሳፈር እንደዚያ ምሽት የሠራበት ጊዜ በአገራችን ታሪክ የለም። ዳሩ ግን ተግሣጹን የያዘው ጠመንጃ የያዘው ክፍል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977፣ ያው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ እየተራበ ነበር። በጥቅምት ዓለም በተራበ ሰው የተሞላውን የኮረምን ሜዳ አየ። የዚያን ጊዜ ድግሱን የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ሊያሳይ የሚችል ማንም አልነበረም።

ከሁለቱ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሀብትን የሚገሥጽ ጨዋታ ወደ ላይ፣ ወደ ያለው ሰው መሄድ አለበት፤ የሚይዘውም ሥልጣን የሌለው ሰው መሆን አለበት። ወደ ደካማ ከወረደ ጭካኔ ነው፤ ሥልጣን ከጨበጠው ደግሞ የሚመቸውን ይገሥጻል፣ የራሱን ይደብቃል።

ኮፐንሃገንና ላሊበላ በገና ሰሞን

ሌላውም ዓለም ይህን መንገድ ፈልጎታል። ያ የወሎ ረሃብ ፊልም አዲስ አበባ ላይ በታየ በሦስት ወሩ ገደማ በዴንማርኳ ኮፐንሃገን ሶልቮግነን የተባለ የቲያትር ቡድን አባላት የገና አባት ልብስ ለብሰው ወደ ትልቅ መደብር ገቡ። ከመደርደሪያው መጽሐፍ እያነሡ «መልካም ገና» እያሉ ለሸማቹ በነፃ ማደል ጀመሩ። ገና የስጦታ በዓል ከሆነ ይኸው ስጦታ! ፖሊስ መጥቶ ቀይ ልብስ የለበሱትን ሽማግሎች ከሕፃናት ፊት እየጎተተ ወሰዳቸው። ነጋዴው የሰበከውን የስጦታ ፍቅር እንደ ቃሉ ቢወስዱት ምን እንደሚከተል ያን ቀን ሁሉም አየ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2004 ደግሞ ዘ የስ ሜን ከተባለው የአሜሪካውያን ቡድን አንዱ የዳው ኬሚካል ቃል አቀባይ መስሎ ቢቢሲ ላይ ቀረበ፤ ድርጅቱ በሕንድ ቦፓል በደረሰው የመርዛማ ጋዝ አደጋ ለተጎዱት ሰዎች 12 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል አለ። በሰዓታት ውስጥ ሐሰትነቱ ታወቀ። ኩባንያው «አንከፍልም» ብሎ በይፋ ለማስተባበል ተገደደ። ነገር ግን ለጥቂት ሰዓት ተስፋ ያደረጉት ተጎጂዎች ሕመም በቀልዱ ላይ ተቆጥሮበታል፤ መቆጠሩም ተገቢ ነው።

የላሊበላ ሰው ለገና የሚያደርገው ከእነዚህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ የላስታን ተራሮች በእግሩ አቋርጦ፣ ብዙው ባዶ እግሩን፣ ምእመን ይጎርፋል። የሆቴሉ አልጋ ለባለ ዶላሩ ይከራያል። የከተማዋ ወጣቶችና ቤተሰቦች ግን መንገደኛውን ተቀብለው እግሩን ያጥባሉ፣ ያበሉታል፣ ያሳድሩታል። ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። እንግዶቹ በማግስቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ከካህናቱ ጋር ይቆማሉ። አገልግሎት ሁሉ ዋጋ በተለጠፈበት ሰሞን ዋጋ የሌለው መስተንግዶ መስጠት ገበያን የሚሞግት ሥራ ነው፤ በዚህ ውስጥ የሚሳለቅም የሚሰደብም የለም።

ስፖንሰሩም ደጃፉ ላይ ይቁም

አገሪቱ በዓላቷን ከገበያ ለመከለል እርምጃ ወስዳ ታውቃለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው እንዳይሸጥለትም ደንግጓል። ከዚያ በፊት ዓውደ ዓመትን ያለ ቢራ ማሰብ የማይቻል እስኪመስል ድረስ የበዓል ፕሮግራሙ ሁሉ የጠማቂዎች ነበር። ማስታወቂያው ወጣ፤ በዓሉ ግን አልሞተም።

ለአሸንድዬ ግን አዋጅ አያስፈልገውም። ወጉ ራሱ ሕግ አለው። በወጉ መሠረት ያለው ሰው በደጁ ይቆማል፣ ይዘፈንለታል፣ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ይነገረዋል። ሆቴሉም፣ ባንኩም፣ ጠማቂውም፣ መሥሪያ ቤቱም እንደ ማንኛውም አባወራ ደጃቸውን ከፍተው ልጃገረዶቹን ይጠብቁ። ስማቸውን በባነር ላይ አስቀድመው አይጻፉ፤ ግጥም አውጪዋ ባለችው ይመስገኑ ወይም ይገሠጹ። ገንዘቡም ለመድረክ አስጌጭ ሳይሆን ለዘፋኞቹ እጅ በእጅ ይሰጥ። የባህል መሥሪያ ቤቶች ውድድር ሲያዘጋጁ ከቀሚስ ይልቅ ግጥም ይሸልሙ፤ ለሣር ታጣቂዋና ለፈትል ለባሿ ቦታ ይስጡ። እናቶችና አያቶች ደግሞ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ግጥሙ መቼና እንዴት እንደሚዞር ለልጆቻቸው ያስተምሩ፤ ቅርስ ሆኖ መመዝገብ የሚገባው ይህ ጥበብ ነውና።

በአገራችን ሀብት እየተከማቸ፣ ችግርም እየሰፋ ባለበት በዚህ ጊዜ ያለውን ሰው ሳይሰድብና ሳይፈራ «አካፍል» የሚል ድምፅ እንፈልጋለን። ላስታ ያንን ድምፅ ለአሥራ ምናምን ዓመት ልጃገረዶች ሰጥታ፣ ከበሮ አስይዛ፣ ቀን መድባ ቆይታለች። ከእነሱ ላይ ገዝተን ልንወስደው መብት የለንም፤ ሊከፈትላቸው የሚገባው በር የእኛ ነው።