ለድመቷ፣ ቁሌቱ ሳይገባበት

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከአፋር ወገን ግመልና ፍየል የሚነዱ አርብቶ አደሮችና ከደጋው እህል ጭነው የሚወርዱ ገበሬዎች ከማለዳ ጀምሮ ከተማዋን ይሞሏታል። በእንስሳት ሐኪም ደጃፍ የሚሰለፈውም ይኸው ነው፦ ያነከሰ ግመል፣ ሆዱ የተነፋ በሬ፣ ሳል የያዛት ፍየል። ድመት ይዞ የሚመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የድመት ነገር የሚነሳው የፍየሏ መድኃኒት ተከፍሎ፣ ባለቤቷ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ ነው። “ዶክተር፣ ድመታችንማ እህል እምቢ አለች” ይላሉ፣ እንደ ዋዛ።

ባለሙያው ነገሩን በዋዛ አያልፈውም። “እናቴ፣ ምን በልታ ነበር?”

“ምን ትበላለች! ወላሂ ሥጋ ነው የሰጠኋት፤ ከወጡ እያወጣሁ።”

በማግስቱ ድመቷ በዘምቢል ትመጣለች። ሐኪሙ ከንፈሯን ገለጥ ያደርጋል። የጤነኛ ድመት ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ የዚህችኛዋ ግን ነጥቷል፣ ዳር ዳሩም ቢጫ ብሏል። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል። ሽንቷ ምን ይመስል እንደነበር ሲጠየቁ ባለቤቷ “ጠቆር ያለ ሻይ” ይላሉ። ሥጋው ምንም አላደረጋትም። የጎዳት ሥጋው የተዘፈቀበት ቁሌት ነው።

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርሱ የድኝ ውሁዶች አሏቸው። የድመት ሄሞግሎቢን ለዚህ ጉዳት ከብዙ እንስሳት ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ጉዳቱ የሚያርፍባቸው የድኝ ቦታዎች በሰው ሄሞግሎቢን ላይ 2፣ በውሻ 4 ሲሆኑ በድመት 8 ናቸው። በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ግራም ያህል ጥሬ ሽንኩርት ደሟን ለመለወጥ ይበቃል። ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም መሆኑ ነው፤ የመካከለኛ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። መቀቀልም ሆነ መቁላላት መርዙን አያጠፋውም፤ ሲደርቅና ሲፈጭ ደግሞ በጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ተደልዞ የደረቀበት በርበሬ፣ በእሱው የተዘጋጀ ሽሮ፣ ሽንኩርት ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ምልክቱ በዚያው ቀን ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚታይ ወጡንና በሽታውን የሚያገናኝ ሰው ጥቂት ነው። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

በረመዳን ይህ ጎልቶ ይታያል። በማፍጠሪያ ሰዓት ድመቷ ማዕዱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልጆች ከሳምቡሳው ውስጥ ሥጋውን እየለቀሙ ይሰጧታል፣ የሾርባው ትራፊም ይደፋላታል። ሁለቱም በሽንኩርት የተሠሩ ናቸው። ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትም፤ ስለዚህ “ለድመት አትስጡ” ብሎ መገሠጽ ትክክል አይደለም። መባል ያለበት ሌላ ነው፦ ድርሻዋን ሽንኩርቱ ሳይገባ አንሱላት።

የዶሮ ብልት ወጥቶ ሲታጠብ፣ ከመላላጫው ትንሽ ቆረጥ አድርጎ በንጹሕ ውኃ መቀቀል ከባድ ሥራ አይደለም። ቀይ የፍየል ወይም የበሬ ሥጋ ያለ ጨው፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እሾሁ የወጣለት የበሰለ ዓሣ፤ እነዚህ ለድመት ይስማማሉ። ጉበት ትወዳለች፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሰጣት። ዘወትር ጉበት የምትበላ ድመት ቫይታሚን ኤ ተከማችቶባት የአንገቷ አጥንቶች እርስ በርስ እስከ መጣበቅ ይደርሳሉ። ቋንጣ በጨውና በበርበሬ የተለወሰ ስለሆነ አይሆናትም። የዶሮ አጥንት ከበሰለ በኋላ ሲሰበር ስለት ያወጣል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ቅምሻ አይጎዳትም። ተምርና ብስኩት ግን የሚሰጧት በከንቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድመት የጣፋጭን ጣዕም የምትለይበት ዘረ መል ሥራ አቁሟል።

መጠኑንም ማሰብ ያሻል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ይበቃታል፤ ቅምሻ ደግሞ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ባያልፍ ይመረጣል። የአንድ ትንሽ እንቁላል ሲሶ እንደ ማለት ነው።

ወተትስ? ባቲ የፍየልም የግመልም ወተት አታጣም፣ ለድመት ማፍሰስም የቆየ ልማድ ነው። ያደገች ድመት ግን የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስባትና ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል። ጠጥታ ምንም የማትሆን ካለች ጥቂት አይከለከልም። ውኃ ግን ሁልጊዜ ይቀመጥላት።

በአረፋ ጊዜ ጥያቄው ጥሬ ሥጋ ይሆናል። በግ ሲታረድ ድመት ከእግር ሥር አትጠፋም፣ ሳንባውም ብዙውን ጊዜ የእሷ ነው። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተመረመሩ 36 ድመቶች በ33ቱ ላይ የዚህ ተሕዋስ ምልክት በደማቸው አግኝቷል። ድመቷ ብዙ ላትታመም ትችላለች፤ በኩሷ የሚወጣው ግን ለነፍሰ ጡር ሴትና ለፅንሷ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሳንባውም ቢሆን ይቀቀል፤ ኩሷንም ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ፣ ተሕዋሱ ሰውን ለመልከፍ የሚደርሰው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነውና።

በሐዲስ ድመት አስራ ሳታበላት፣ የምድር ነፍሳትንም እንድትበላ ሳትለቃት ስለቀረችው ሴት የተነገረው በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው። ሁለተኛውን ክፍል የእንስሳት ሐኪም በተለየ ትኩረት ያነበዋል። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። እ.ኤ.አ. በ1987 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታውሪን ያነሳት ድመት ልቧ ሰፍቶ እንደሚደክም፣ ታውሪን ሲሰጣት ደግሞ ልቧ እንደሚያገግም አሳዩ። ማሽላ በሚከማችበት ቤት አይጥ የምታድን ድመት ታውሪኗን ከዚያው ታገኛለች። ቤት ተዘግቶባት በእንጀራና በወተት የምትኖረው ግን፣ ሆዷ ሞልቶ እያለ ቀስ በቀስ ትዳከማለች፤ ዓይኗም ይጠፋል። እንጀራ መርዝ አይደለም፣ ምግቧ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ የአይጥ መርዝ ይነሳል። መርዝ የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ስትወጣ መጀመሪያ የምትይዛት ድመት ናት። መርዝ ያኖረ ቤት የሞቱ አይጦችን በየጠዋቱ ለቅሞ መቅበር አለበት፤ እስኪያልቅም ድመቷን ለጎረቤት አደራ መስጠት ይሻላል።

አንድ ነገር ይጨመር፣ ምግብ ባይሆንም። ድመቷ ስትታመም “ያስታግስላት” ብለው ፓራሲታሞል ከእርጎ ጋር የሚሰጡ አሉ። ደሟን የሚያበላሸው ሽንኩርት በሚያበላሽበት መንገድ ነው፣ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ሊገድላት ይችላል። ሽንኩርትም ሆነ ክኒን ከበላች ጨው በጥብጦ እንድታስመልስ ማድረግ ሌላ መመረዝ ያስከትላል። ምን እንደበላች፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይዞ፣ ሰኞን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ነው።