እውነት ወይስ ተረት? ሕያው ሕዋስን ለማየት ብዙ ብርሃን ይጠይቃል

በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ በሚከርምባቸው ወራት ወባ አያሰጋም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በሽታው ራሱ ይህን አባባል አፈረሰው። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ታማሚዎች ብቻ ተመዝግበው ነበር፤ በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ቁጥሩ ከ2,400 በላይ ደረሰ። የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ዱካውን ተከትለው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ትንኝ አገኙ። ይህች ትንኝ ወንዝና ረግረግ አትጠብቅም፤ ውሃ በያዘ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች።

እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሲነሳ የብዙ ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስለ መሣሪያው የሚነገረው ግን ሁሉም እውነት አይደለም።

ተረት፦ በጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ የሚታየው ሕያው ተውሳክ ነው።

አይደለም። በስሱ የደም ቅብ ላይ ሕዋሳቱ በሜታኖል ደርቀው በጊምሳ ቀለም ይነከራሉ፤ በወፍራሙ ቅብ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ራሳቸው ይፈርሳሉ። ባለሙያው የሚያየው የሞተውን ተውሳክ ነው። ሕክምና ለመጀመር ይህ ይበቃል፤ ሥራውም የተከበረ ሥራ ነው። የሞተ ተውሳክ ግን በሕይወት ሳለ እንዴት እንደተንቀሳቀሰና የሕዋስን ሽፋን እንዴት አልፎ እንደገባ አይናገርም።

ተረት፦ ማጉላቱ ከጨመረ ሁሉም ነገር ይታያል።

የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ በዘይት በሚሠራው ሌንሱ 1,000 እጥፍ ያጎላል። ሕያው ሕዋስን ለሚያጠና ሰው ግን ዋናው ችግር የመጠን ማነስ ብቻ አይደለም፤ የብርሃን መብዛትም ነው። የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ወደ 5 ናኖሜትር ይጠጋል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ 2,000 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አለው። በሕዋሱ ውስጥ ብርሃን ሲነካቸው የሚያበሩ ቀለሞች ተጨምረው በተለመደው መንገድ ሲበራበት፣ ከሽፋኑ በላይ ያለው ሁሉ አብሮ ያበራል። የሽፋኑ ደካማ ብርሃንም በዚያ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። ያኔ ማጉላት ጭጋጉንም አብሮ ማጉላት ነው።

ተረት፦ ብርሃን ከመስታወት ገጽ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ማዶ ምንም አይደርስም።

ይህኛው ብልህ የሚመስል ስህተት ነው፤ የፊዚክስ ትምህርት የተማረም ሊያምነው ይችላል። ብርሃን ከመስታወት ወደ ውሃ ሲያመራ፣ ከ61 ዲግሪ ገደማ በላይ አጋድሎ ከመጣ ወደ ውሃው አይሻገርም፤ ተመልሶ በመስታወቱ ውስጥ ይቀራል። ሆኖም በድንበሩ ማዶ እጅግ ስስ የሆነ የብርሃን መስክ ይፈጠራል። ደቻቱ ሞልቶ በግንቡ ሥር ሲያልፍ ውሃው ግንቡን ባይሻገርም እርጥበቱ ጥቂት ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ማለት ነው። ይህ መስክ ኢቫነሰንት ብርሃን ይባላል። ከመስታወቱ በራቀ መጠን በፍጥነት ይከስማል፦ ብዙውን ጊዜ 100 ናኖሜትር ያህል ሲርቅ ከጉልበቱ 37 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል፤ 300 ላይ ሲደርስ 5 በመቶ።

ኒውተን ሁለት ፕሪዝሞችን አጥብቆ በማጣበቅ የዚህን ነገር ፍንጭ አይቶ ነበር። አምብሮስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በመስታወት ላይ የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳትን ለማየት ተጠቀመበት። በ1981 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል አክስልሮድ ብርሃኑን ከሚያበሩ ቀለሞች ጋር አዋሕዶ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ አሳየ። በመስታወቱ ላይ የተቀመጠው የሕዋስ ሽፋን ይበራል፤ ከእሱ በላይ ያለው ቀለም ብርሃን ስለማይደርሰው ጨለማ ሆኖ ይቆያል። እኔ በዚህ መሣሪያ የማደንቀው ይህንን ነው፤ አብዛኛውን ሕዋስ ሳያበራ በመተው የቀረውን አጥርቶ ያሳያል። በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች በውሃ ውስጥ ያሉ ነጠላ የማዮሲን ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ ያዩት በዚህ ብርሃን ነው።

ተረት፦ ይህ ዘዴ የሕዋሱን ውስጥ ሁሉ ያሳያል፣ ጉዳትም የለውም።

የሚያሳየው መስታወቱን የተጠጋውን ክፍል ብቻ ነው፤ የሕዋሱን እምብርት የፈለገ ሌላ መሣሪያ ይፈልግ። ወደ ጎን ያለው ጥራትም ከተለመደው ማይክሮስኮፕ አይበልጥም፤ 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ጉዳቱ የቀነሰው ስሱ ንጣፍ ብቻ ስለሚበራ ነው። ሌዘሩ ከበረታ ወይም ከቆየ ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሕዋሱም ይጎዳል።

ተረት፦ ይህ የሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው፤ ድሬዳዋን አይነካም።

ድሬዳዋን ያስጨነቀችው ስቴፈንሲ በዓለም የወባ ቤተ ሙከራዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ስትረባ የኖረች ትንኝ ናት። ከምራቅ ዕጢዋ የሚወጣው፣ ስፖሮዞይት የሚባለው የተውሳኩ ቅርጽ በመስታወት ላይ ሲደረግ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ገደማ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በሰው ቆዳ ውስጥ የደም ሥር የሚፈልገውም እየተንሸራተተ ነው። የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ከመስታወቱ ገጽ የሚመለሰውን ብርሃን በሚያነብብ ሌላ ዘዴ፣ ስፖሮዞይቱ ገጹን እየያዘና እየለቀቀ እንደሚጓዝ አሳይተዋል። ኢቫነሰንት ብርሃንም የተሠራው እንዲህ ላለው የሽፋንና የገጽ ግንኙነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ዒላማ በዚሁ ስፖሮዞይት ገላ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ፀረ እንግዳ አካላት በዚያ ፕሮቲን ላይ ሲያርፉ ስፖሮዞይቱ መንሸራተቱን ያቆማል።