ተጨማሪ መረጃ፦ የሞተር ጉልበትና የፎገራ ጭቃ

ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ከወረታ ከተማ ወደ ፎገራ የሩዝ ማሳዎች የሚወስደው መንገድ ዋልካ ጭቃ ይሆናል። እዚያ ጀማሪን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የሞተር ሳይክሉ ጉልበት ማነስ ሳይሆን ጉልበቱ ድንገት መምጣቱ ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር በዝቅተኛ ዙር ደከም ይልና ዙሩ ሲጨምር ባንዴ ይፈተለካል፤ የኋላው ጎማ መሬቱን ሳይቆነጥጥ ባለበት ይሽከረከራል። ባለ አራት ምቱ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ግን ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ሳይዋዥቅ ይጎትታል፤ ለጀማሪ የሚሻለውም ይኸው ነው። ጭቃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት 2ኛ ማርሽ አስገቡ፤ ነዳጁን በስሱ ስጡ። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጁን ቀነስ፣ ፍሪሲዮኑን በጣታችሁ ጥቂት ያዝ አድርጉ። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ከተጠቀጠቀ ግን የትኛውም ጉልበት አያወጣችሁም፤ ወርዳችሁ በእንጨት ጥረጉት።